አንሸጥም ያልን ዕለት

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴን ልጣላው ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ወጥቼ ነበር። ለፋሲካ የሚያደልበውን በሬ ከአጥሬ ሥር አስሮ ዝንብ ሲያራባብኝ ታግሼ ታግሼ፣ ዛሬስ ልኩን ካላገባሁለት እኔ የዝና አይደለሁም ብዬ ነው። አጥሩ ጋ ስደርስ ግን ያ ሽታ ከፊቴ ተደቀነ። የታመሰ፣ የተጨመቀ ኑግ ሽታ፤ ሞቅ ያለ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር። «ምንድን ነው የምታበላው?» አልኩት፤ ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። «ፋጉሎ ነዋ፣ እትዬ የዝና! ከቡሬ ያስመጣሁት ነው። ሸተተዎት እንዴ?» አለኝ። ሸተተዎት ይለኛል! ፋጉሎ እኮ ከኑግ ላይ ዘይቱ ተጨምቆ ሲወጣ የሚቀረው አሰር ነው፤ ከብት ይወፍርበታል። እኔ ግማሽ ዕድሜዬን የኖርኩት በዚያ ሽታ ውስጥ ነው። ቀሚሴ፣ ጸጉሬ፣ አልጋዬ ሳይቀር እሱን እሱን ይል ነበር። የወንድሜን ልጅ ስመኝን ያጣኋትም በዚያው ዘመን ነው። ዝንቡን ትቼ ተመለስኩና ደጄ ላይ ቁጭ አልኩ።

ያኔ ከተማችን እንዲህ አልተንዛዛችም። አባቴማ እስኪሞት ድረስ ወጀት እንጂ ፍኖተ ሰላም ብሎ ጠርቷት አያውቅም። አስፋልት የሚባል የለም፤ የቡሬ አውቶቡስ ሲገባ አቧራው እስኪወርድ ድረስ ሰው ሁሉ ወሬውን አቋርጦ አፉን በነጠላው ይሸፍናል። ከመናኸሪያው ተነስታችሁ በቡሬ መውጫ ስትሄዱ፣ ከባሕር ዛፎቹ አለፍ ብሎ፣ ቆርቆሮው ከሩቅ የሚያበራ ረጅም ቤት ነበር። ሙሉ ስሙ ሲጻፍ ከመስመር ይተርፋል፤ የምግብ ዘይት አምራች ምናምን አክሲዮን ማኅበር እያለ ይሄዳል። እኛ ግን «ዘይቱ» ነበር የምንለው። «ዘይቱ ጋ ጠብቂኝ»፣ «ቤታቸው ከዘይቱ በታች ነው» እንባባል ነበር። እኔ የመሸጫው መስኮት ላይ ነበርኩ፤ ሰማያዊ ሽርጥ ታጥቄ፣ ጸጉሬን በሻሽ ሸብ አድርጌ፣ ቀኑን ሙሉ ስቀዳ እውላለሁ። ሰው የአረቄ ጠርሙስ፣ የቢራ ጠርሙስ፣ አንዳንዱ የሽሮፕ ብልቃጥ ሳይቀር ይዞ ይመጣል። አንዱን ጠርሙስ በሁለት ብር ከሃምሳ ቀድቼ ሸጫለሁ ስል የዛሬ ልጆች ይስቁብኛል። ይሳቁ! ያኔ በጠርሙስ ላይ ስሙኒ የተጨመረ ዕለት የተነሳውን ጩኸት ብታዩ! ዛሬ ግን ጀሪካኑ በየሳምንቱ ሲጨምር ማንም ትንፍሽ አይልም። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ካሴት ቤት ነበር። ባለቤቱ አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ያመላልሰዋል፤ ካሴቱ ተበልቶበት በእስክሪብቶ ቀፎ ሲያጠነጥን ብቻ ነበር ጆሮዬ የሚያርፈው። አሁን ያ ዘፈን በቀጠነ ድምፅ ከባጃጅ ውስጥ ሲያልፍ እሰማውና እግሬ ሳላዝዘው ይቆማል።

አክሲዮን የሚባለውን ነገር ያኔ ማን ያውቀው ነበር? መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነው ከእኛ ከተማ እስከ ማንኩሳ፣ ከማንኩሳ እስከ ቡሬ፣ ወዲያም እስከ ገበዝ ማርያም ድረስ ለፈፉ። «ኑጋችሁን ለነጋዴ በርካሽ ከምትሰጡ የፋብሪካ ባለቤት ሁኑ!» አሉ። አንዱ አክሲዮን የአንድ ወይፈን ዋጋ ነበር። ወንድሜ አያ ምናለ ከማንኩሳ ወዲህ የሚኖር ገበሬ ነው። ታላቄ ነው፤ አባታችን ካለፈ ወዲህ አባቴም እሱ ነው። ከጥማድ በሬው አንዱን ሸጠ፣ የደረሱትን ወይፈኖች ሸጠ፣ ሁሉንም አክሲዮን ገዛበት። እኔም ከደሞዜ ቆጥቤ አንድ ገዛሁ። «አያ፣ በምን ልታርሱ ነው?» አልኩት፤ ወንድሜ ቢሆንም አንቱ እያልኩ ነው ያደግሁት። «በመቀናጆ» አለኝ። እንደሱው አንድ በሬ ከቀረው ጎረቤቱ ጋር እያጣመረ፣ ዛሬ ለአንተ ነገ ለእኔ እየተባባለ ማለቱ ነው። «በሬ ይሞታል፣ የዝና፤ ፋብሪካ አይሞትም» አለና ሳቀ። ያን የመሰለ ሳቅ ነበረው። የምስክር ወረቀቱን መስታወት አስገባና ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ሰቀለው። እሱ ብቻ መሰላችሁ? ገጠሩ በሙሉ ነው የሰቀለ። የከተማው መስታወት ቆራጭ በዚያ ዓመት ቤት ሠራ።

ደግሞስ ብንሰቅለው ምን ይገርማል? ጥሬ ገንዘብ ከስንት አንዴ ነበር የሚከፈለን፤ ለገናና ለፋሲካ ግን ለየባለድርሻው ዘይትና ፋጉሎ ይታደል ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ክብሩ ነው። ያ አረንጓዴ ቁምጣ የታጠቀ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ፣ በላስቲክ ጫማ አቧራ የጠጣ ገበሬ፣ አህያውን ኑግ ጭኖ ከበሩ ሲደርስ ዘበኛው ብድግ ብሎ እጅ ይነሳዋል። «ባለቤቱ መጡ» ይላል። ገበሬውም ማሽኑን እየዞረ ያያል፣ ይነካካል፣ ሙቀቱን በመዳፉ ይሞክራል፤ እንደ በሬ ሻኛ መታ መታ የሚያደርጉትም ነበሩ። እኔ በመስኮቴ ሆኜ እያየሁ እስቅ ነበር። ሳቄ ግን የመኩራት ነበር፤ እኔስ ባለቤት አይደለሁ?

ታዲያ ይኼ ሁሉ እያለ ነው የመጀመሪያው ገዥ የመጣው። የአዲስ አበባ ባለሀብት ነው አሉን። በነጭ ላንድክሩዘር መጥቶ፣ በር ላይ ሳይወርድ ግቢውን አይቶ፣ ፋብሪካውን ጠቅልዬ ልግዛ ብሎ ላከ። ያቀረበው ዋጋ እኛ የገዛንበትን እንኳ በቅጡ አይሞላም። ስብሰባ ተጠራ፤ ሰው ከየአቅጣጫው ግልብጥ ብሎ መጣና ከፋጉሎው ክምር አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ፈንታሁን ይባላል፤ እህል ነጋዴ፣ ግራጫ ባርኔጣው ከራሱ የማትለይ። ዋጋውን ሲያነብልን ግቢው ተናወጠ። «ለማኝ መሰልነው እንዴ?»፣ «ላባችንን አፍስሰን የሠራነውን ቁጭ ብሎ ሊበላ!»፣ «ሂድ በሉት!» አንድም የተለየ ሐሳብ አልነበረም፤ እኔም አብሬ ጮኼያለሁ፤ ዋጋው ስድብ ነበር፣ ዛሬም ስድብ ነው እላለሁ። ችግሩ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አንዱ ተነስቶ፣ ደላሎች በየገጠሩ እየዞሩ ድርሻችሁን ለየብቻ ሽጡልን እያሉ ነው አለ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ አንዱን ጠረጠረ። በቃ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከባለሀብቱ ይልቅ ጎረቤታችንን ፈራን። «አባ ይገዝቱን!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ወዲያው ሁሉም ተቀበለው፤ «አባ ይገዝቱን! አባ ይሰሩን!»

አባ ልሳነወርቅ የግማሹ ጉባኤ የነፍስ አባት ነበሩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ድምፃቸው ቀጭን ነው። እሳቸውም አንድ አክሲዮን ነበራቸው። «ልጆቼ፣ ግዝትን ከብር ጉዳይ ማግባት አልወድም» አሉ። «እንዲያው ተማምናችሁ ብትኖሩ አይሻልም?» አሉ። ማን ይስማቸው! ሽማግሌዎች እግራቸው ላይ ወደቁ። በመጨረሻ ተነሱ፣ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። «ከዚህ ማኅበር ድርሻውን ለባዳ የሸጠ፣ ያሻሻጠ፣ የመከረ ውግዝ ይሁን» አሉ። «አሜን» አልን፤ ቆርቆሮው እስኪያስተጋባ። አየር የቀለለ መሰለን። ወዲያው ጠላ ወጣ፣ ሴቶቹ ከበሮ አመጡ፣ አንዷ ከዚያው እያወጣች፦

«ኑጉን የዘራነው፣ ያረምነው እኛ፣
ማን ሊሆን ነው ደግሞ የዘይቱ ዳኛ።»

እያለች አስጨፈረችን። አያ ምናለ እንደዚያን ቀን ሲያስነካው አይቼው አላውቅም። ስመኝም ነበረች፤ ያኔ ገና ትንሽ ልጅ፣ በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና ታጨበጭባለች።

ስመኝ ለትምህርት ከፍ ስትል አያ ወደ እኔ አመጣት። ልጅ አልወለድኩም፤ ባሌም በጊዜ ነው የሞተብኝ፤ እሷን ሳገኝ ቤቴ ቤት ሆነ። ቀጭን ናት፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ ነገር የሚገባት። አረንጓዴ ሹራብ ሠርቼላት ነበር፤ እጅጌው ረዝሞባት እየሰበሰበች ትለብሰዋለች። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ዳገቱ መሀል ላይ ካለው ፎቶ ቤት ፊት ቆማ ነበር የማገኛት። መስታወቱ ውስጥ ሙሽሮች፣ ወታደሮች፣ ከወረቀት አበባ ጋር የተነሱ ኮረዶች ተደርድረዋል። «ምን አለሽ እዚህ ሁልጊዜ?» ስላት «ሙሽሮቹን እያየሁ ነው፣ እታባ» ትለኛለች። እኔ ሞኟ ደግሞ የሙሽራ ነገር ያማራት መስሎኝ እስቅባታለሁ። ትንፋሽ እየሰበሰበች ነበር እኮ! ዳገቱን በአንድ ጊዜ መውጣት አቅቷት፣ ሰው እንዳያውቅባት መስታወት ታያለች። ፎቶ አንሺው ገብቶት ኖሮ በሩ ላይ በርጩማ አወጣላት፤ አንድ ቀንም አልተቀመጠችበትም። እግሯ ማበጥ ሲጀምር ነው እኛ የነቃነው። ፀበል አደረስናት፤ ከዚያ ባሕር ዳር ወሰድናት። የልቧ በር ተበላሽቷል፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል፣ እሱም ውጭ አገር ነው አሉን። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ የሚከፈለውን ሲነግረን አንገቱን ደፍቶ ነበር። አያ ምናለ ከሆስፒታሉ ወጥተን ሐይቁ ዳር ስንደርስ «በሬዎቼ እዚያ ናቸው፤ ዘይቱ ውስጥ» አለኝ።

እግዜር የጣፈው መሰለን፣ በዚያው ሰሞን ያ ባለሀብት እንደገና መጣ። አሁን ትሕትና ይዞ ነው የመጣው። ከመኪናው ወርዶ፣ ሽማግሌዎቹን እጅ ነስቶ፣ ዋጋውንም ከመጀመሪያው ሦስት እጥፍ አድርጎ አቀረበ። የአያ ድርሻ በዚያ ዋጋ ቢሸጥ ስመኝን ያሳክም ነበር፤ ለመመለሻዋም ይተርፍ ነበር። ብቻ ሰውየው ከግማሽ በላይ ካላገኘሁ አንድም አልገዛም አለ። ስለዚህ አያ ብቻውን ገሃነም እገባለሁ ብሎ ግዝቱን ቢጥስ እንኳ የሚገዛው አልነበረም። ጉባኤው መስማማት ነበረበት። አባ ልሳነወርቅ ደግሞ ከዓመት በፊት ሞተዋል። የገዘተው ሲሞት ማን ይፈታል? ይኼ ሆነ የከተማው ጥያቄ፤ ጮክ ብሎ የሚጠይቀው ግን አልነበረም።

መስኮት ላይ የቆመ ሰው የማይናገረው የለም፤ ዘይቱ እስኪቀዳለት ሆዱን ይዘረግፋል። በነዚያ ሳምንታት ባለአክሲዮኑ በሙሉ እየተራ እኔ ጋ ነበር ልቡን የከፈተ። አንዱ አስተማሪ ጠጋ ብሎ «እኔ በበኩሌ ብሸጥ ደስታውን አልችለውም፤ ብቻ ሰው ምን ይለኛል፣ እትዬ?» አለኝ። ከገበዝ ማርያም የመጡ አንዲት ባልቴት «ጣራዬ ያፈሳል ልጄ፣ በዚህ ብር ቆርቆሮ አለብሰው ነበር፤ ግን እኔ ቀድሜ አልናገርም» አሉ። አንዱ ነጋዴ ደግሞ «ሁለት ጊዜ የመጣ ሦስተኛም ይመጣል፤ ይጠብቅ፣ ገና ይጨምራል» አለ፤ ድንቄም! ከቡሬ ወዲያ ያለ አንድ አዊ ገበሬ፣ አያ ዳኘው የሚባል፣ ጨዋታ አዋቂ ነበር፤ ያን ዕለት ግን አልተጫወተም። «አምና ለደላላ እሺ ልል ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። በማግስቱ በረዶ ኑጌን ጠረገው። ገና በልቤ ሳስብ እንዲህ ካደረገኝ፣ ብሸጥማ ልጆቼን ሊወስድ ነው» አለኝ፤ ከልቡ ነው የፈራው። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሄዱ። ከመጣው ሰው የሚበዛው መሸጥ የሚፈልግ ነበር፤ ይኼን በሁለት ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁሉም ግን ሌላው እንዲጀምርለት ይጠብቅ ነበር።

እኔ እንደሆንኩ አልችልም፤ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአባ ልሳነወርቅ እግር የተተኩትን ቄስ ጠብቄ ጠየቅኋቸው። ወጣት ናቸው፣ አፋር። «እኔ መፍታት አይቻለኝም፣ እሳቸው ያሰሩበት ክህነት ከእኔ አያንስም» አሉኝ። «ከበላይ ያለ አባት፣ ጳጳስ፣ ይፈታዋል። ግን ማኅበሩ ራሱ መጥቶ መለመን አለበት። ለምኖ ታስሯል፣ ለምኖ ይፈታ» አሉ። ልቤ ዘለለ! የፈረስ ጋሪ ተሳፍሬ ማንኩሳ ሄድኩና ለአያ ነገርኩት። ተነስቶ ግንባሬን ሳመኝ። ቀላል ነገር ነው ብለን እኮ ነው! ሽማግሌ መርጦ መላክ፣ ሌላ ምን አለው?

ስብሰባው የተደረገው እዚያው ሣሩ ላይ ነው። ሰው እንደ መጀመሪያው ብዙ ነበር፤ ጫጫታው ግን የለም። አቶ ፈንታሁን ዋጋውን አነበበ። አያ ምናለ ተነሳ። የታጠበ ጋቢውን ለብሷል፤ ዱላውን መሬት ላይ አስቀምጦ ባዶ እጁን ነው የቆመው። «ታውቁኛላችሁ፤ ምናለ ነኝ። ልጄ ልቧን ታማብኛለች። ያለኝን ሁሉ እዚህ ነው ያኖርኩት» አለ። «ለእኔ ብላችሁ ሽጡ አልላችሁም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ያሰሩን አባት አልፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ከጳጳሱ ዘንድ ሽማግሌ እንላክና ይፍቱን። ከተፈታን ወዲያ የሚሸጥ ይሽጥ፣ የማይሸጥ ይተው።» ይኼው ነው ያለው። ሰዎቹ በዱላቸው ሣር ይነቅላሉ፣ ጉሮሮ ይጠርጋሉ። አቶ ፈንታሁን ባርኔጣውን አወለቀና «ምናለ፣ የልጅህ ነገር ሁላችንንም አሞናል። ግን አባ ልሳነወርቅ ገና አፈራቸው ሳይደርቅ ቃላቸውን እናፍርስ? ነገ ምን ተብለን ልንጠራ ነው?» አለ። ከዚያ «ጳጳስ ዘንድ ይላክ የሚል እጁን ያውጣ» አለ።

የአያ እጅ ወጣ። የእኔም ወጣ። ዞር ብዬ አየሁ። ያ አስተማሪ ጫማውን ያስራል። ያቺ ባልቴት ነጠላቸውን ዓይናቸው ድረስ ስበዋል። አያ ዳኘው እጁን ጋቢው ውስጥ ከቷል። «እናንተ ሰዎች፣ መስኮቴ ላይ ስታወሩት የነበረው ምንድን ነው?» ብዬ ጮኽኩ፤ አልቻልኩማ! «የዝና፣ ተይ» አለኝ አያ በቀስታ። ተቀመጥኩ። ጉባኤው ሐሳቡን አልተቀበለም ተብሎ ተጻፈ፤ ባለሀብቱም እንቢ ተባለ።

ሰዎቹ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እንዴት በቀለለኝ! ስንወጣ አቶ ፈንታሁን ባርኔጣውን ገልብጦ መጀመሪያ የራሱን ጣለበት፤ ከዚያ ሁሉም እየመጣ ጣለ። ያቺ ጣራቸው የሚያፈሰው ባልቴት ሳይቀሩ ከመቀነታቸው ፈተው ጣሉ። ሰው እያለቀሰ ነበር የሚሰጥ። ያ ሁሉ ተደምሮ አዲስ አበባ ወስዶ ለማስመርመር በቃ፤ እዚያም የነገሩን ያንኑ ነው። ስመኝን ይዘን ተመለስን። እንዳትሰማ ብለን ስንንሾካሾክ ለካ ሁሉንም ታውቀው ኖሯል። አንድ ቀን አልጋዋ ላይ ሆና «እታባ፣ እነሱ ሲገዘቱ እኔም አሜን ብያለሁ እኮ። አባባ ትከሻ ላይ ሆኜ» አለችኝ። ልጄ፣ አንቺ ሕፃን ነበርሽ አልኳት። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ያን ሳምንት ዝናብ ስለነበር የኑጉ ሽታ ከፋብሪካው አልወጣ ብሎ ከተማው ላይ ተኝቶ ነበር። ለቅሶው ላይ ባለአክሲዮኑ አንድም ሳይቀር መጣ። ድንኳኑ አልበቃቸውም።

ባለሀብቱ ሦስተኛ አልመጣም። ቡሬ ላይ የራሱን ፋብሪካ ተከለና ኑግ በጥሩ ዋጋ መግዛት ጀመረ። ታዲያ የእኛዎቹ ባለአክሲዮኖች ኑጋቸውን ጭነው በመስኮቴ ፊት አልፈው ወደ ቡሬ ሲነዱ እያየሁ ቁጭ አልኩ። ግዝቱ ድርሻን እንጂ ኑግን አይልማ! መጀመሪያ አንገታቸውን እያቀረቀሩ ያልፉ ነበር፤ በኋላማ ሰላምታ እየሰጡኝ ነው። ማሽኑ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከዚያ በወር አንድ ቀን፣ ከዚያ ጭራሹን ቆመ። ቢጫው ጀሪካን ዘይት ከባሕር ማዶ መጣና ጠርሙስ ይዞ የሚመጣም ጠፋ። ካሴት ቤቱ ሞባይል መጠገኛ ሆነ። ፎቶ ቤቱ ፈርሶ በቦታው ፎቅ ተጀመረ፤ እሱም ብረቱን አግጥጦ ቆሟል። ዳገቷ አስፋልት ሆናለች፤ እኔ አሁን መሀሏ ላይ ስደርስ እቆማለሁ፤ የማየው መስታወት ግን የለም። አያ ምናለ የምስክር ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ አላወረደውም። ባለቤቱ አውርደው ብትለው «ይቆይ፣ በሬዎቼ ናቸው» ይላታል አሉ።

ዘንድሮ ደግሞ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት በከረመበት ሰሞን፣ አንድ የብረታ ብረት ነጋዴ መጥቶ ማሽኑን በኪሎ፣ ቆርቆሮውን ከነጣውላው ልግዛ አለ። አሁን የሚከራከር አልነበረም። ግን ግዝቱ አለ። አሁንስ እንሂድ ተባለ፤ አሁን ማንም ማንንም አይጠረጥርም፤ የሚጠረጠርበት ነገር የለማ! ሽማግሌዎች ተመርጠው በማለዳ አውቶቡስ ሄዱ፤ በማግስቱ ጳጳሱ ይመጣሉ ብለው ተመለሱ። አያ ምናለ እንዲመጣ ሰው ላክንበት። ከማንኩሳ በእግሩ መጣ፤ ጎብጧል፣ ዓይኑ በደንብ አያይም። ከያኔዎቹ የቀረነው ጥቂት ነን። አቶ ፈንታሁን በልጁ ተደግፎ መጣ። አያ ዳኘው አርፏል፤ ልጁ ተወክሎ ነው የቆመ። ሣሩ ደርቋል፤ የፋጉሎው ክምር የነበረበት ላይ እሾህ በቅሏል።

ጳጳሱ ደግ አባት ናቸው። ጉዳዩን በአጭሩ ጠየቁ፣ አቶ ፈንታሁን ነገራቸው። ተንበርከኩ አሉን። ጉልበቴ እየጮኸ ተንበረከክሁ። መስቀላቸውን ዘርግተው ጸለዩ፤ «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» አሉ። ማሰሮ ውኃ ሊፈላ የሚፈጀውን ያህል እንኳ አልቆየም። አሜን አልን። የአያ ምናለ ድምፅ ከጎኔ አልተሰማኝም። ዞር ስል ዱላውን ተመርኩዞ ተነስቶ ቆሟል።

«አባታችን፣ አለቀ?» አላቸው።

«አዎ ልጄ፣ አለቀ። ተፈታችኋል» አሉት።

«ይቺ ብቻ ናት?»

«ይቺው ናት» አሉ ፈገግ ብለው። ደስ ያለው መሰላቸው።

«ያኔ... የዛሬ ስንት ዓመት... ሽማግሌ ብንልክብዎ ኖሮ፣ ይመጡልን ነበር?»

ጳጳሱ ግራ ተጋቡ። «እኔ ባልሆን የነበረው አባት ይመጣ ነበር። ግማሽ ቀን የማይሞላ መንገድ ለምን አይመጣ? ማን ጠርቶን ቀረን?» አሉት።

አያ ምናለ ቀስ ብሎ ወደ እኛ ዞረና፣ ያ ደካማ ዓይኑ ያይልኝ እንደሆነ ብሎ፣ እየተጠጋ አንድ በአንድ ፊታችንን ፈለገ። አንድም ሰው ቀና አላለም። ጸሎቱ ካለቀ ቆይቷል፤ እኛ ግን እንደተንበረከክን፣ አንገታችንን ደፍተን ቀረን።